የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጋዙን አፈር ውስጥ የሚያቆየው ላስቲክ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ በአንድ ነገር ዙሪያ የተጻፉ ናቸው። አፈርን ሥር ከሚያበላሸው ጥቃቅን ክር ትል፣ ማለትም ከኔማቶድ፣ እንዲሁም ሥር ከሚያበሰብስ ፈንገስና ከአረም ዘር ለማጽዳት ከተከላ በፊት ወደ አፈር የሚገቡ፣ ከገቡም በኋላ ወደ ጋዝ ተለውጠው በአፈሩ ክፍተቶች ውስጥ የሚሰራጩ መድኃኒቶች አሉ፤ በሙያው ፊውሚጋንት ይባላሉ። ጋዙ ሥራውን ሳይጨርስ ወደ አየር እንዳያመልጥ መሬቱ በላስቲክ ይሸፈናል። ጠያቂዎቻችን የጻፉልን ስለዚሁ ላስቲክ ነው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ እንጆሪና ቲማቲም አመርታለሁ። ከመትከሌ በፊት አፈሩን በጋዝ መድኃኒት አክማለሁ፤ ለሽፋን የምጠቀመውም 50 ማይክሮን ውፍረት ያለው ተራ የፖሊኢትሊን ላስቲክ ነው። አሁን ነጋዴው 30 ማይክሮን ብቻ የሆነ፣ ዋጋው ግን ከእጥፍ የሚበልጥ «ጋዝ አጋጅ» ላስቲክ እንድወስድ ይወተውተኛል። የሳሳው ከወፈረው እንዴት ሊበልጥ ይችላል? እየተታለልኩ ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ነጥብ አልተታለሉም፤ የሚታለሉበት ቦታ ሌላ ነውና እሱን ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ።

ብዙ ሰው ጋዝ በላስቲክ ውስጥ የሚያልፈው ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሾልኮ ስለሚመስለው፣ ላስቲኩ በወፈረ ቁጥር ቀዳዳው የሚደፈን ይመስለዋል። ያልተቀደደ ፖሊኢትሊን ግን ቀዳዳ የለውም። ጋዙ የሚያልፈው በሌላ መንገድ ነው፤ ከሥር በኩል በላስቲኩ አካል ውስጥ ይሟሟል፣ በረጃጅሞቹ የፕላስቲክ ሰንሰለቶች መካከል እየተሹለከለከ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይኛው ገጽ ደግሞ ነፋስ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር ጋዙና ፕላስቲኩ በጠባይ መስማማታቸው ወይም አለመስማማታቸው ነው። ፖሊኢትሊን ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ብቻ የተሠራ፣ በጠባዩ ወደ ዘይት የሚያደላ ነገር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ፊውሚጋንቶችም ከውኃ ይልቅ ዘይት ነክ በሆነ ነገር ውስጥ በቀላሉ የሚሟሙ ስለሆኑ እርስ በርስ አይገፋፉም። የተከተፈ ሽንኩርት በተራ ፌስታል ቋጥሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳደረ ሰው፣ በማግስቱ በሩን ሲከፍት የሚቀበለው ሽታ ለዚህ ምስክር ነው። ፌስታሉ አልተቀደደም፤ ውኃ ቢሞሉትም ጠብ አይልም፤ ሽታው ግን ወጥቷል።

ውፍረትን በተመለከተ፣ አንድን ላስቲክ በእጥፍ ብናወፍረው የሚያልፈው ጋዝ በግማሽ ይቀንሳል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። የተሠራበትን ነገር ብንለውጥ ግን ልዩነቱ በመቶ እጥፍ፣ አንዳንዴም በሺህ እጥፍ ይቆጠራል። ጋዝ አጋጅ ላስቲኮች ከመካከላቸው አንድ እጅግ ስስ የናይለን ወይም ኢትሊን ቫይኒል አልኮል የሚባል ፕላስቲክ ንጣፍ ይይዛሉ። የእነዚህ ፕላስቲኮች ሰንሰለቶች አንዱ ሌላውን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ዘይት ወዳዱ ጋዝ የሚሟሟበትም የሚሹለከለክበትም ሥፍራ አያገኝም። ሁለቱም ከፖሊኢትሊን ጋር በራሳቸው ስለማይጣበቁ በየጎናቸው የማጣበቂያ ንጣፍ ይገባል፤ በዚህ መንገድ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ንጣፍ በአንድነት ተቀልጦ እንደ አንድ ላስቲክ ይወጣል። ከ30 ማይክሮኑ ውስጥ ጋዙን በእርግጥ የሚያግደው ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። የቀረው ፖሊኢትሊን ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ ከእርጥበትና ከጭረትም ይጠብቀዋል።

እንግዲህ የመታለያው ቦታ ይህ ነው። ቁራጩን ወደ ብርሃን ቢያነሡት፣ በጣትዎ ቢዳስሱት፣ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ቢያዩት እንኳ መካከለኛው ንጣፍ መኖር አለመኖሩን አያውቁም። ስለዚህ ነጋዴውን ስለ ውፍረቱ ከመጠየቅዎ በፊት የሙከራ ውጤቱን ይጠይቁት። ሙከራው የሚደረገው የላስቲኩን ቁራጭ በሁለት የታሸጉ ክፍሎች መካከል አጥብቆ በማሰር፣ በአንደኛው ክፍል ጋዝ በመጨመርና በየሰዓቱ በሁለቱም ክፍል ያለውን መጠን በመለካት ነው። ውጤቱ በሴንቲ ሜትር በሰዓት የሚጻፍ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ላስቲኩ የተሻለ ነው። ወረቀቱን ሲያዩ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛው ሙከራው በየትኛው ጋዝ ተሠራ የሚለው ነው፤ ለሜቲል ብሮማይድ ጥሩ የሆነ ላስቲክ ለሌላው መድኃኒት በተመሳሳይ መጠን ጥሩ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው በስንት ዲግሪ ሙቀት ተለካ የሚለው ነው፤ በተራ ፖሊኢትሊን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የሚያመልጠው ጋዝ እስከ እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል፣ በቀዝቃዛ ክፍል የተገኘ ቁጥር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስለሚመታው ማሳ ብዙ አይነግርዎትም።

በገበያ ላይ ቪ.አይ.ኤፍ. እና ቲ.አይ.ኤፍ. የሚሉ ሁለት ስሞች ያጋጥሙዎታል። የመጀመሪያው «አያስተላልፍም ማለት ይቻላል» እንደ ማለት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ናይለን ያለበት ነው፤ ሁለተኛው «ፈጽሞ አያስተላልፍም» የሚል ሲሆን መካከሉ ኢትሊን ቫይኒል አልኮል ነው። ሁለተኛው በእርግጥ ይበልጣል። ይሁንና «ፈጽሞ» የሚለው ቃል የሻጭ ቃል ነው፤ ጋዝን ፈጽሞ የማያስተላልፍ የእርሻ ላስቲክ የለም። ሁሉም የሚያደርገው ጋዙን ማዘግየት ነው፤ ገንዘብዎን የሚከፍሉትም ለዚሁ ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ኢትሊን ቫይኒል አልኮል እርጥበት ሲነካው ጋዝ የማገድ ኃይሉ ይቀንሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ፊውሚጋንት የሚገባበት አፈር ደግሞ እርጥብ መሆን አለበት ይላሉ። ይህ እንዴት ይታረቃል?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ይህ ፕላስቲክ ውኃን በመጠኑ ስለሚመጥ፣ ሲረጥብ ሰንሰለቶቹ ይላላሉ፣ ጋዙም መተላለፊያ ያገኛል። በሁለት የፖሊኢትሊን ንጣፎች መካከል እንዲቀመጥ የተደረገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ፖሊኢትሊን ለፊውሚጋንት የላላ ቢሆንም ለውኃ ተን ጠንካራ መከላከያ ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ማለዳ ከላስቲኩ ሥር ጠብታዎች ተደርድረው ቢያዩ አይደንግጡ። ይልቅ የሚያሳስበው ላስቲኩ በድንጋይ ተጭሮ የውስጡ ንጣፍ ሲጋለጥ ነው። አፈሩ እርጥብ ይሁን የሚባለው ደግሞ ለራሱ ጥቅም ነው፤ ክር ትሉና የአረሙ ዘር በርጥበት ሲነቁ ለመድኃኒቱ ይጋለጣሉ፣ የአፈሩም ክፍተት በከፊል በውኃ ሲያዝ ጋዙ ሽቅብ የሚያደርገው ሩጫ ይገታል። አፈሩን በእጅዎ ጨብጠው ሲለቁት ሳይፈረካከስ ቅርጹን ከያዘ፣ ውኃም በጣቶችዎ መካከል ካልወጣ፣ ልኩ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የግብርና ተማሪ ነኝ። ሜቲል ብሮማይድ ከታገደ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ስለ ጋዝ አጋጅ ላስቲክ የሚጻፈው ግን አሁንም አልቀነሰም። የላስቲኩ ጉዳይ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ መቅረት አልነበረበትም?

መልስ፦ ታሪኩ የተጀመረው እርስዎ እንዳሉት በሜቲል ብሮማይድ ነው። ይህ መድኃኒት በ3.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚፈላ ከጠርሙሱ ሲወጣ ወዲያው ጋዝ ይሆናል፣ በአፈር ውስጥም ወደ ሁሉም አቅጣጫ በፍጥነት ይገባል፤ ገበሬ የወደደውም ለዚሁ ነበር። ነገር ግን በዚያው ፍጥነት ያመልጣል። በተራ ፖሊኢትሊን ሥር ከተጨመረው ውስጥ ሲሶው፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ የሆነው ወደ አየር ይወጣ እንደነበር በማሳ ላይ የተደረጉ ልኬቶች አሳይተዋል። ወደ ላይኛው ከባቢ አየር የሚደርሰው ብሮሚን ኦዞንን በማፍረስ ረገድ ከክሎሪን በብዙ አሥር እጥፍ የከፋ በመሆኑ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል በ1992 በኮፐንሃገን ሲሻሻል ሜቲል ብሮማይድም በዝርዝሩ ገባ። ባደጉት አገሮች በ2005፣ በማደግ ላይ ባሉት ደግሞ በ2015 ጥቅም ላይ መዋሉ እንዲያበቃ ተወሰነ፤ ለኳራንቲን (ተባይ ከአገር ወደ አገር እንዳይሻገር ለሚደረግ ሕክምና)፣ ለቅድመ ጭነት (ዕቃ ከመጫኑ በፊት ለሚደረግ ማጽዳት) እና በልዩ ፈቃድ ለሚደረጉ ጥቂት ሥራዎች ግን ቀዳዳ ተትቶለታል። ጋዝ አጋጅ ላስቲክ በዚያ ዘመን የተፈለገው መድኃኒቱን በትንሽ መጠን ለመጠቀምና እገዳው እስኪደርስ ብክነቱን ለመቀነስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ምትኮች፣ ማለትም ክሎሮፒክሪን፣ 1,3-ዳይክሎሮፕሮፒን፣ በአፈር ውስጥ ወደ ሜቲል አይሶታዮሳይኔት የሚለወጠው ሜታም ሶዲየምና ዳይሜቲል ዳይሰልፋይድ፣ ኦዞንን በመጉዳት አይከሰሱም። የእነሱ ጉዳይ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ይጀምራል። ከ100 ዲግሪ በላይ የሚፈሉ ስለሆኑ ወደ ጋዝነት የሚለወጡት ቀስ ብለው ነው፤ ስለዚህ በቂ ጋዝ በአፈሩ ውስጥ እንዲከማች ረዘም ያለ ጊዜ መታፈን ይፈልጋሉ። ካመለጡ ደግሞ የሚጎዱት በማሳው ዳር የሚሠራውን ሰውና ጎረቤቱን ነው። ክሎሮፒክሪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጦር ሜዳ የተተኮሰ አስለቃሽና ሳንባ ጎጂ ጋዝ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። 1,3-ዳይክሎሮፕሮፒን በበኩሉ በተራ ፖሊኢትሊን ውስጥ እንደ ልቡ የሚመላለስ ነው፤ እሱን በተራ ላስቲክ ሸፍኖ አፈንኩት ማለት ውኃ በወንፊት እንደ መቅዳት ነው። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፊውሚጋንት ከተጨመረበት ማሳ ዙሪያ ሰው የማይገባበት ክልል እንዲተው ሲያዝዝ፣ የተፈተነ ጋዝ አጋጅ ላስቲክ ለተጠቀመ ሰው ክልሉ እንዲጠብለት መፍቀዱም ከዚህ የመነጨ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ቢቀየርም የላስቲኩ ሥራ አልቀረም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ጋዝ አጋጅ ላስቲክ ከተጠቀምኩ የመድኃኒቱን መጠን በግማሽ መቀነስ እንደምችል ተነገረኝ። የላስቲኩን ውድነት የሚያካክስልኝ ይኸው ነው። ልመነው?

መልስ፦ ሐሳቡ መሠረት አለው። ፊውሚጋንት የሚገድለው በሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ በአፈሩ አየር ውስጥ ባለው የጋዝ መጠንና ጋዙ በቆየበት ጊዜ። ብዙ ጋዝ ለአጭር ጊዜና ትንሽ ጋዝ ለረጅም ጊዜ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ሊያደርሱ ይችላሉ። በተራ ላስቲክ ሥር ከምንጨምረው መድኃኒት ውስጥ ጥቂት የማይባለው እንደሚያመልጥ ታስቦ የተጨመረ ነው፤ ማምለጡ ከቀረ ያ ክፍል አያስፈልግም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ልዩነቱ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ነው። በተራ ላስቲክ ሥር የላይኞቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች አፈር ጋዙን ቶሎ ያጣሉ፤ ምክንያቱም ለመውጫው የቀረቡት እነሱ ናቸው። የአረም ዘር ደግሞ በብዛት የሚገኘው በዚያው ሥፍራ ነው። ስለዚህ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው ክር ትል ሞቶ፣ ከላይ ያለው አረም በሳምንታት ውስጥ ለምለም ሆኖ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነበር። ጋዝ አጋጁ ላስቲክ ሲደረብ በላይኛው አፈርና በላስቲኩ መካከል ያለው ጋዝ ሳይሳሳ ይቆያል፤ በዝቅተኛ መጠንም ቢሆን አረሙ የሚገታው ለዚህ ነው። የእንግጫ ቡቃያ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ በመሆኑ ማንኛውንም ላስቲክ በስቶ መውጣት ይችላል፤ በዚህ ሽፋን ሥር ግን ብዙውን ጊዜ ከመብሳቱ በፊት እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው ልግባ። በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የተጻፈው መመሪያ ሕግ ነው፤ ለጋዝ አጋጅ ላስቲክ የተለየ መጠን ከተጻፈ በእሱ ይሂዱ፣ ካልተጻፈ በራስዎ ሒሳብ አይቁረጡ። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የመሣሪያው ጉዳይ ነው። መድኃኒቱን ወደ አፈር የሚያስገቡት የትራክተሩ ጥርሶች እያንዳንዳቸው በቀጭን ቱቦ ይመገባሉ። ጠቅላላው ፍሰት በግማሽ ሲቀንስ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቅና ለማከፋፈያው የቀረበው ቱቦ ድርሻውን ሲያገኝ ሩቁ ይጾማል። ውጤቱ ማሳው ላይ መስመር በመስመር ይነበባል፤ አንዱ ረድፍ ንጹሕ፣ ቀጣዩ የታመመ ይሆናል። ሰዎችም «መጠኑ ስለቀነሰ አልሠራም» ይላሉ፤ ያልሠራው ክፍፍሉ ነው። መፍትሔው ቱቦዎቹንና መርጫ ቀዳዳዎቹን ለአዲሱ ፍሰት በሚስማሙ ጠባቦች መተካትና ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከእያንዳንዱ ጥርስ የሚወጣውን ለክቶ ማስተካከል ነው። ይህንንም በመጀመሪያው ዓመት በማሳው በከፊል ብቻ ሞክረው፣ በቀሪው የቀድሞውን አሠራር ጠብቀው እንዲያወዳድሩ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ውዱን ላስቲክ ገዝተን፣ ለሥራው የተቀጠሩ ባለሙያዎች ዘርግተውልን፣ በማግስቱ በማሳው አንድ ጥግ ዓይናችንን አቃጠለን። ላስቲኩ የውሸት ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ላስቲኩን ከመክሰስዎ በፊት ጠርዙን ይመልከቱ። የሚያቃጥልዎት በአንድ ጥግ ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ የሚገኘውም ምናልባት በዚያው ጥግ ነው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። በተራ ላስቲክ ጋዙ በጠቅላላው ስፋት ስለሚያመልጥ አንድ ክንድ የሚሆን ቅድ የሚጨምረው ነገር ብዙ አይደለም። ጋዝ አጋጁ ግን በስፋቱ ምንም ማለት ይቻላል ስለማያስወጣ፣ ያችው ቅድ ዋናው መውጫ ትሆናለች። ላስቲኩ በተሻለ መጠን ለዘርጊው እጅ የሚሰጠው ምሕረት እያነሰ ይሄዳል።

የራሴን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት አንድ ማሳ በሙሉ በሰፊ ላስቲክ ይሸፈን ነበር፤ በዚህ አሠራር አንዱ የላስቲክ ጥቅል ከተዘረጋ በኋላ የሚቀጥለው ጠርዙ ላይ ተደርቦ በማጣበቂያ ይያያዛል። ሠራተኞቹ ሥራውን የጀመሩት ገና ጤዛ ሳይደርቅ ነበር። ማጣበቂያው በረጠበው ጠርዝ ላይ ሲወርድ ወደ ነጭነት ተለውጦ በትንንሹ ተንከባለለ፤ አየሁት፣ ግን ከፀሐይ በኋላ ይይዛል ተብዬ ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ መገጣጠሚያው አርባ እርምጃ ያህል ተላቀቀ፤ ላስቲኩም ተነፍቶ ይርገበገብ ጀመር። በመድኃኒቱ ውስጥ የነበረው ክሎሮፒክሪን ዓይናችንን እያስለቀሰ ከማሳው አስወጣን። አሰሪው ጥፋቱን በላስቲኩ ላይ አሳበበ፤ የላስቲኩ ቁራጭ ሲፈተን ግን እንከን አልነበረበትም። ጥፋቱ የጤዛው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አይቶ ዝም ያለውም ሰው ከጥፋቱ ድርሻ ነበረው።

እንግዲህ የሚመረመሩት ቦታዎች እነዚህ ናቸው። በመጀመሪያ የመደቡ ወይም የማሳው መጨረሻ፣ ማለትም ትራክተሩ ጥርሱን አንሥቶ የሚዞርበት ሥፍራ ነው። ጥርሱ ሲነሣ ከቱቦው የሚንጠባጠበው ፈሳሽ በመሬት ገጽ ላይ ይቀራል፣ የላስቲኩም ጫፍ በእጅ የሚቀበረው እዚያ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በደንብ አይረገጥም። የእርስዎ ጥግ እንዲህ ያለ ቦታ ከሆነ ብዙ ሳልጠራጠር ምክንያቱ እሱ ነው እላለሁ። ቀጥሎ በጎን ቦይ የተቀበረው ጠርዝ ነው፤ አፈሩ ጓል በጓል ከሆነ በጓሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ጋዙን እንደ ጭስ ማውጫ ያስተላልፈዋል፤ ስለዚህ አፈሩ ደቅቆ፣ ረጥቦና ተጠቅጥቆ መሞላት አለበት። ከዚያ ያለፈው ሰብል ቅሪት ይመጣል፤ ያልበሰበሰ የግንድ ቁራጭ ላስቲኩን ይበሳል፣ ከዚህም በላይ ከአፈር ወጥቶ የቆመ ገለባ ጋዙን ከሥር ወደ ላይ ይመራል። ናይለን ያለበትን ላስቲክ በተመለከተም አንድ ነገር አለ፤ እንደ ፖሊኢትሊን ስለማይለጠጥ፣ ትራክተሩ በተለመደው ፍጥነት ሲጎትተው በመደቡ ትከሻ ላይ ይሸበሸባል ወይም ይወጠራል፤ ሲወጠር ደግሞ የማገድ ኃይሉ ይቀንሳል። ቀስ ብሎ መዘርጋት ከዚህ ያድናል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቅድ ቢያዩም ራስዎ ሄደው አይጠግኑ። ጥገናው ተስማሚ የጋዝ ጭንብል ያደረገና ለሥራው የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ሜቲል ብሮማይድ ብቻውን ሽታ የሌለው በመሆኑ ጥቂት ክሎሮፒክሪን ይቀላቀልበት የነበረው ሰው ዓይኑ ሲያለቅስ እንዲሸሽ ነው፤ ማልቀሱ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ይቆጠር።

ጥያቄ፦ ላለፉት ዓመታት መድኃኒቱን ከጨመርኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ እተክል ነበር፤ ችግር አልገጠመኝም። ዘንድሮ ላስቲኩን ብቻ ቀይሬ እንደ ወትሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ብተክል ችግኞቹ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ሥራቸው ቡናማ ሆነ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያጠፉት ላስቲኩን ለውጠው የቀን መቁጠሪያውን አለመለወጥዎ ነው። በቀድሞው ላስቲክ ሥር ጋዙ በራሱ ያመልጥ ስለነበር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አፈሩ ሳያውቁት ይነፍስልዎት ነበር። አዲሱ ላስቲክ የተከፈለበትን ሥራ ስለሠራ ጋዙ እዚያው ቆይቷል። ታፍኖ የቀረው ጋዝ የሚጠፋው በዋናነት በአፈሩ ውስጥ ሲበሰብስ ነው፤ ይህም በረቂቅ ነፍሳቱ፣ በብስባሹና በሙቀቱ ይወሰናል። ሞቃትና ብስባሽ የበዛበት አፈር ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ቀዝቃዛና ውኃ የጠገበ አፈር ግን ያቆየዋል። ክሎሮፒክሪን ብዙውን ጊዜ ከ1,3-ዳይክሎሮፕሮፒን ቀድሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ የቀን ቁጥር ልሰጥዎ አልችልም፤ ከመመሪያው ዝቅተኛ ቀን በኋላ የሚወስነው የራስዎ አፈር ነው።

አፈሩን ለመጠየቅ ግን ቀላል መንገድ አለ። ክዳናቸው የሚገጥም ሁለት የብርጭቆ ማሰሮዎች ያዘጋጁ። መድኃኒት ከተጨመረበት ማሳ ከተለያዩ ቦታዎች፣ ሥሩ ከሚደርስበት ጥልቀት አፈር አውጥተው አንደኛውን እስከ ግማሽ ይሙሉና ወዲያው ይክደኑት፤ ቢዘገዩ ጋዙ ከእጅዎ ያመልጣል። ሁለተኛውን መድኃኒት ካልነካው ቦታ በተወሰደ አፈር ይሙሉ። በሁለቱም ውስጥ እርጥብ ጥጥ ላይ የሰላጣ ዘር በትነው፣ ጥጡን ከአፈሩ በላይ አድርገው ክዳኑን ይግጠሙ፤ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ክፍል ያቆዩአቸው። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ በንጹሑ ማሰሮ ውስጥ ዘሩ ነጭ ሥሩን ዘርግቶ ያዩታል። በሌላውም እንዲሁ ከሆነ ይትከሉ። ዘሩ ካልነቃ፣ ወይም ሥሩ ወጥቶ ጫፉ ከጠቆረ፣ አፈሩ ገና ነውና ጥቂት ቀን ጠብቀው ሙከራውን ይድገሙ።

ላስቲኩ በሚቀደድበት ወይም ለችግኝ ቀዳዳ በሚበሳበት ጊዜም የተጠራቀመው ጋዝ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ሰው ቶሎ ወደ ማሳው አይግባ። የአሜሪካ መመሪያዎች ላስቲኩ መድኃኒቱ ከተጨመረ ቢያንስ 5 ቀን ሳይሞላ እንዳይበሳ ያዝዛሉ፤ ለጋዝ አጋጅ ላስቲክ ከዚያም በላይ መታገሥ ይሻላል። ችግኝ ተካዮች ጎንበስ ብለው የሚሠሩት ፊታቸውን ከቀዳዳው በላይ አድርገው መሆኑን አይርሱ።

ጥያቄ፦ እኔ ኬሚካል አልጠቀምም፤ አፈሩን በፀሐይ ሙቀት ማከም እፈልጋለሁ። ጋዝ አጋጁ ላስቲክ ይጠቅመኛል? ሥራው ሲያልቅስ ላስቲኩን የት ላድርሰው?

መልስ፦ ለፀሐይ ሙቀት ብቻ ከሆነ ገንዘብዎን አያባክኑ። ይህ አሠራር፣ በ1976 እ.ኤ.አ. እስራኤላዊው ያዕቆብ ካታንና ባልደረቦቹ ካሳተሙት ጥናት ወዲህ የታወቀው፣ የሚፈልገው ስስ፣ ብርሃን አሳላፊ ተራ ፖሊኢትሊን፣ እርጥብ አፈርና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚደርስ ብርቱ ፀሐይ ነው። ጥቁር ላስቲክ ራሱ ይሞቃል እንጂ አፈሩን ያን ያህል አያሞቅም። ጋዝ አጋጁ ላስቲክ የሚጠቅመው በሌላ አሠራር ነው፤ ቶሎ የሚበሰብስ ነገር፣ ለምሳሌ የሩዝ ፉርሽካ ወይም ሞላሰስ፣ ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ ውኃ ይጠጣና ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ተሸፍኖ አየር እንዲያጣ ይደረጋል። በዚያ ውስጥ ረቂቅ ነፍሳቱ የሚያመነጩት አሲድና ጋዝ በሽታ አምጪውን ይገድላል። ኢትሊን ቫይኒል አልኮል ኦክሲጅንን አጥብቆ የሚያግድ ፕላስቲክ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው፤ ለምግብ ማሸጊያ የሚፈለገውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከባዱ ነው። 30 ማይክሮን የሆነ ላስቲክ አንድ ሄክታር ሙሉ ሲሸፍን ክብደቱ ወደ 280 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ከማሳ ሲነሣ ደግሞ አፈርና የሥር ቁራጭ ተጣብቆበት ከዚያ በብዙ ይከብዳል። ተራ ፖሊኢትሊን ታጥቦ ሊቀልጥና እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ ጋዝ አጋጁ ግን ውስጡ ናይለን ወይም ሌላ ፕላስቲክ ስላለበት፣ ንጣፎቹም ስለማይለያዩ፣ ብዙዎቹ መልሶ ማቅለጫ ቦታዎች አይቀበሉትም። ማሳ ላይ ማቃጠል መርዛማ ጭስ ያመጣል፣ በእርሻ ውስጥ ገልብጦ መቅበርም ለዓመታት የማይጠፉ ቁርጥራጮችን ከአፈር ጋር ማደባለቅ ነው። የማውቀው የተሻለ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ያገለገለውን መልሶ ይወስድ እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ሲያነሡትም አፈሩ ደርቆ በሚራገፍበት ሰዓት አራግፈው በየዓይነቱ ለይተው መጠቅለል ነው፤ ከተራው ላስቲክ ጋር ከተደባለቀ ተራውንም ማንም አይቀበልዎትም።